ሳይፈቀድ የቀረው የእኅቶቻችን ማኅበር

ጥር 17 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 25 ቀን 2015፣ ዕለተ እሑድ ነበረ። ጥምቀት ካለፈ ገና ስድስተኛ ቀኑ፣ ወቅቱም ዘመነ አስተርእዮ ነው። በዚያ ዕለት በቤይሩት ከሁለት መቶ የሚበልጡ የቤት ሠራተኞች ጉባኤ ተቀምጠው የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። ኢትዮጵያውያት ነበሩበት፤ የፊሊፒንስ፣ የስሪ ላንካ፣ የኔፓል፣ የባንግላዴሽና የካሜሩን ልጆችም ነበሩበት። በዐረቡ ምድር የመጀመሪያው ተብሎ በብዙ አገር ተነገረለት። ብዙ ቀን ሳይቆይ ግን የጊዜው የሊባኖስ የሥራ ሚኒስትር ሰጃን አዚ ማኅበሩ ከሕግ ውጭ ነው አሉ። ዕውቅናው እስከ ዛሬ አልተሰጠም።

እንግዲህ በመንግሥት መዝገብ ነገሩ ሽንፈት ነው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን የነበሩ እኅቶች ያን ጊዜ ሲያነሡ ሐዘን አይታይባቸውም፤ ይልቁንም የሠርግ ወሬ እንደሚያወሩ ሰዎች እየተቀባበሉ ያወሩታል። ወደዚህ ወደ ዛልቃ የምትመጡ ተሳላሚዎች ብዙዎቻችሁ ከዚያ በኋላ የመጣችሁ ናችሁና፣ ነገሩ ሳይጻፍ እንዳይቀር ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአውሮፓውያን 1946 የወጣ ነው። ሰባተኛው አንቀጹ በግለሰብ ቤት የሚያገለግሉትን ሠራተኞች ከሕጉ ጥበቃ አውጥቷቸዋል። ዘጠና ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ የውጭ አገር ሰው በማኅበር አባል ቢሆንም መምረጥና መመረጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በዚህ ላይ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት አለ፤ የሠራተኛዋ ኢቃማ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው፤ ከቤት ከወጣች ሕጋዊነቷም አብሮ ይወጣል። የሙሴ ሕግ የዕረፍትን ቀን ባዘዘች ጊዜ ባሪያንና ገረድን ለይታ መጥቀሷን፣ የምንደኛ ደመወዝም ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ማዘዟን የምናውቅ ሰዎች፣ አንድ ሕግ ገረድን ለይቶ የሚጠቅሳት ለማስወጣት ብቻ መሆኑ ይደንቀናል።

ጥያቄው በአንድ ቀን የተነሣ አልነበረም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በአውሮፓውያን 2008 ባወጣው ቆጠራ ከ2007 ጥር ወር ወዲህ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች በዚህ አገር ሞተው ነበር፤ አርባው ራስን ማጥፋት ተብሎ የተመዘገበ፣ ሃያ አራቱ ከፎቅ የወደቁ። ከዚያ በኋላ የአለም ደቻሳ ነገር መጣ። የካቲት 16 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ በቆንስላችን ደጃፍ ስትደበደብና በግድ ወደ መኪና ስትገባ በምስል ተቀረጸች። መጋቢት 5 ቀን፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት፣ በዴር ኤል ሰሊብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ። ሆስፒታሉ ከዛልቃ አጠገብ ከጀል ኤል ዲብ በላይ ኮረብታው ላይ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ብዙ እኅቶች ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት እንደ ከበዳቸው ይናገራሉ።

የሠራተኛ ማኅበር የሚለው ነገር ለብዙዎቹ እንግዳ ነበረ፤ ማኅበር የሚለው ቃል ግን እንግዳ አልነበረም። የጎጃሙም፣ የወሎውም፣ የሸዋውም ሰው በጽዋ ማኅበር ያደገ ነው። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ሙሴው ይሰበስባል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሥርዓት ሁሉ የሚበልጠው ቅጣቱ ነው። የሚቀጣ ሰው መቅረቱ የታወቀለት ሰው ነውና። በዚህ አገር ግን በር ተዘግቶባት ሁለት ሦስት ዓመት የምትኖር ልጅ አለች፤ ብትቀር ማን ቀረች ይላል? ማዳሟ ስሟን እንደ ወደደች ለውጣባታለች፤ በሠፈሩ አፍ የቤት ሠራተኛ ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊት ትሁን ኔፓላዊት፣ «ስሪ ላንካዊት» ናት። በዚህ መሐል የአባላት ዝርዝር ተዘጋጅቶ የእያንዳንዷ ስም አባቷ ባወጣላት አጠራር ተጻፈ። ምን ታገኙበታላችሁ ብዬ የጠየቅኋቸው ስለ ደመወዝ ጥቂት ብቻ ነግረውኝ ስለዚህ ዝርዝር ብዙ ነገሩኝ።

የዚያን ጊዜ ቅስቀሳቸው የሚያስቅም ነገር ነበረበት። እሑድ ብቻ ነው የሚወጡት፤ እሑድም ለሁሉ አይደለም። ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው በቦርሳ ከትተው፣ ወደ ዶራ ይወርዳሉ፤ ሀበሻው ሁሉ እዚያ ነው፤ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ወሬውም። በዚያ ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞሩ ያስረዳሉ። ፊሊፒናዊቷ እንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ካሜሩናዊቷ ፈረንሳይኛ፣ የእኛዎቹ በማዳም ቤት የለመዱት ዐረብኛ አላቸው፤ የሚግባቡት በዚህ በወጥ ቤት ዐረብኛ ነበረ፤ «አጥቢ»፣ «አምጪ»፣ «ቶሎ» ከሚል በቀር ሌላ ያልተማሩበት ቋንቋ መብት መጠየቂያ ሆነ። በቅኔ ቤት ብንሆን ኖሮ ለዚህ አንድ ጉባኤ ቃና በተቆጠረ ነበር።

ማመልከቻው ለሥራ ሚኒስቴር የቀረበው ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በገብርኤል ማግስት ነበረ። አቅራቢዎቹ ስድስት ሊባኖሳውያን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ፌናሶል የሚባለው የሊባኖስ የሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ጥላ ሆነላቸው። መልስ ሳይመጣ ጉባኤው ተደረገ። የሚኒስትሩ ክርክር ችግሩ የሚፈታው በተሻለ ሕግ እንጂ በማኅበር አይደለም የሚል ነበር። ክርክሩ ጭራሽ ባዶ ነው አልልም፤ ነገር ግን የተባለው ሕግ አልመጣም። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከማኅበሩ መሪዎች አንዷ ኔፓላዊት ተይዛ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከአገር ተባረረች። ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ የሥራ ውል በሚኒስቴሩ ጸድቆ ነበር፤ የአስመጪ ቢሮ ባለቤቶች አቤት ብለው የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ጥቅምት 4 ቀን 2013 አገደው። አንድ ወር ከጥቂት ቀን ኖረ ማለት ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ርስት ይገባናል ብለው በሙሴና በጉባኤው ፊት ቆመዋል። በዚያ ጥያቄ የተነሣ ሕግ ተሠራ። ሙሴ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበው እንጂ እንዲህ ያለ ልማድ የለም ብሎ አልመለሳቸውም። የእኛዎቹ እንዲህ ያለ ሰሚ አላገኙም፤ አቋቋማቸው ግን ያው ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ የቤት ሠራተኞች ከፋላ ይቅር እያሉ በቤይሩት ጎዳና በመቶዎች ወጥተው ሲሄዱ ከፊት የነበሩት የዚያ የ2007ቱ ሰዎች ነበሩ ብለው የሚናገሩ አሉ፤ ፊት ማን እንደ ነበረ ሁልጊዜ ክርክር አለበት፤ ይህም ደስ ይላል።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት መባቻ፣ ሊራው ወድቆ አሠሪዎች ልጆቻችንን በሐዝሚዬ በቆንስላው ደጅ እያወረዱ ሲጥሏቸው፣ ከዚያም የወደቡ ፍንዳታ ሲደርስ፣ ምግብና መጠለያ ካደሉት መካከል ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» ይገኝበት ነበር። በ2017 መስከረም ጦርነቱ ወደ ቤይሩት ሲዛመት አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ሴቶች ጎዳና ባደሩ ጊዜም እኅት እኅትን ስትፈልግ ነበር።

የዚያ ጉባኤ ሴቶች ዛሬ ተበትነዋል። አገር ቤት ገብተው ልጅ ያሳደጉ አሉ፤ ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ አሉ፤ እዚሁ ዶራ ያረጁም አሉ። ጥር ሲገባ ለጸሎት የክርስትና ስም እየላኩ ይደውላሉ። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት ማን እንደ ቀረች ነው፤ የት ቤት እንዳለች፣ ኢቃማዋ ታድሶላት እንደሆነ፣ እሑድ እንድትወጣ ተፈቅዶላት እንደሆነ።