ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ፦ የአእምሮ ሕክምናን የሚያስቋርጡ ምክንያቶች

በአእምሮ ጤና ጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥያቄ «ሕሙማን ወደ ሕክምና የማይመጡት ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ምላሹም አብዛኛውን ጊዜ የግንዛቤ ማነስ ሆኖ ይቀርባል። በቡታጅራና በአካባቢዋ ለዓመታት የተካሄዱት ጥናቶች ግን ሁለተኛ ጥያቄ እንዳለ ያሳያሉ፤ ይኸውም የመጡት ሕሙማን የሚያቋርጡት ለምንድን ነው የሚለው ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቡታጅራ ዙሪያ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከ68,000 በላይ ዐዋቂዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ስኪዞፍሬንያን የመሰለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ነበር። ከተለዩት መካከል አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በመቆየቱ፣ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠንም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በመሆኑ ይህ አያስገርምም። ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው ከዚያ በኋላ የታየው ነው። መድኃኒቱ በአቅራቢያቸው ከቀረበላቸው ሕሙማንም ብዙዎቹ መውሰዱን አቋርጠዋል።

ለምን እንዳቋረጡ ሕሙማኑና አስታማሚዎቻቸው ሲጠየቁ፣ ጎልቶ የወጣው ምክንያት ብዙ ባለሙያ የሚጠብቀው አልነበረም፤ የምግብ እጥረት ነው። አንዳንዶቹ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን በእጅጉ ይጨምራሉ። በጠገበ ቤት ይህ የክብደት መጨመር ጉዳይ ብቻ ይሆናል። በቀን አንድ ጊዜ በሚበላበት ቤት ግን መድኃኒቱን የዋጠው ሰው የቀሩትን ቤተሰቦች ድርሻ የሚሻ ይሆናል፤ ከቤተሰቡ ጋር ከሚጣላ ወይም በረኀብ ከሚሠቃይ መድኃኒቱን መተው ይመርጣል። ይህን ውሳኔ «የግንዛቤ ማነስ» ብሎ መሰየም ተገቢ አይመስልም። ሕመምተኛው የመድኃኒቱን ጠባይ በሚገባ ዐውቆታል።

ሁለተኛው ምክንያት አስታማሚን ይመለከታል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን ወደ ሐኪም የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። እናት ወይም ወንድም የቀን ሥራቸውን ትተው፣ የሁለት ሰው የመጓጓዣ ዋጋ ከፍለው ይዘውት ይሄዳሉ። ሕመሙ በበረታ ጊዜ ይህ ሁሉ ይደረጋል። ሲሻለው ግን «ድኗል» ይባልና ቀጠሮው ይቀራል።

ጸበልን በተመለከተ የሚቀርበው ክስ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ቤተሰቦች ጸበልንና ሐኪምን እንደ ተቃራኒ ሳይሆን እንደ ሁለት ደጆች አድርገው ያንኳኳሉ። ችግሩ የሚፈጠረው አጥማቂዎች በጸበሉ ወቅት መድኃኒት እንዲቆም ባዘዙ ጊዜ ነው። ለዚህም ቢሆን መፍትሔ የሚያመላክት ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። በአእምሮ ሕመም ረገድም ተመሳሳይ ቃል ከአጥማቂው አንደበት ቢሰማ ከብዙ ፖስተር ይልቅ ተሰሚነት ይኖረዋል።

በቡታጅራ አጎራባች በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ መደረጉ የመንገዱን ርቀት አሳጥሯል። የማጀቱን ችግር ግን ጤና ጣቢያው ብቻውን አይፈታውም። በዚያው ወረዳ በተካሄደና ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየተመላለሱ የሚጎበኙ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የተጎበኙት ሕሙማን በዕለት ተዕለት ኑሯቸው የሚገጥማቸው እክል፣ የጤና ተቋም ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ሠራተኞቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ የሳምንታት ሥልጠና ወስደው የተሰማሩ ናቸው። በቤቱ የሚበላ መኖር አለመኖሩን ግን ገብተው ያያሉ፤ ከሕመምተኛው፣ ከቤተሰቡና ከአካባቢው ሰው ጋርም ይነጋገራሉ።