ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት፦ የሕዝብ አስተያየትና የካፋ ደን

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። ይህን መብት በተግባር ለማዋል የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ፣ ማለትም በሕግ በተሰጣቸው ሥልጣን የሚያወጡትን ዝርዝር የሕግ ሰነድ፣ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉና አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ አንድ ፕሮጀክት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚመረምረው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ ጉዳቱ የሚደርስባቸው ነዋሪዎች አስተያየት እንዲካተትበት ይደነግጋል።

የጉዳዩ ክብደት በካፋ ዞን ጎልቶ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በጥብቅ ቀጠና፣ በዙሪያው ባለ መከለያ ቀጠናና ሰዎች በሚኖሩበትና በሚያርሱበት የልማት ቀጠና የተከፋፈለ በመሆኑ፣ በካርታ ላይ የሚሰመር አንድ መስመር የጫካ ቡና የሚለቅመውን፣ ኮረሪማ የሚሰበስበውንና ቀፎውን ዛፍ ላይ የሚሰቅለውን ገበሬ ኑሮ በቀጥታ ይነካል። በዞኑ ዋና ከተማ በቦንጋ ዙሪያ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር በሚፈራረሙት ስምምነት የደኑን ጥበቃና አጠቃቀም ይወስናሉ።

ሆኖም ረቂቅ በድረ ገጽ መለጠፉ ብቻ ኢንተርኔት ለማይደርሰው ቀበሌ ምክክር ሊባል አይችልም። ሰነዱ በካፍኛ ጭምር ተብራርቶ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ሳይሆን ገበሬው ፋታ በሚያገኝበት ጊዜ ስብሰባ ተጠርቶ፣ የተሰጠው አስተያየት ተቀባይነት ያገኘበት ወይም ያላገኘበት ምክንያት ሲገለጽለት ግን ነዋሪው ውሳኔውን የራሱ አድርጎ ይጠብቀዋል።