የልብ በሮችና የልጅ ጉሮሮ

 

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰው አካል ውስጥ አንዲት ቁራጭ ሥጋ መኖሯን፣ እርሷ ካማረች አካል ሁሉ እንደሚያምር፣ ከተበላሸች ደግሞ ሁሉም እንደሚበላሽ አስተምረውናል። እርሷም ቀልብ ናት። ዑለሞቻችን ይህን ሐዲሥ በዋናነት የሚያብራሩት ከኢማንና ከተቅዋ አንጻር ነው። ሆኖም በደረታችን የምትመታዋን የሥጋ ልብ አሠራር ያስተዋለ ሰው የአላህን (ሱ.ወ.) ጥበብ ያያል፤ የተሰጠንም አማና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይረዳል።

ልብ እንዴት ትሠራለች?

የአንድ ሰው ልብ የራሱን ጭብጥ ያህላል። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ትመታለች። ጤነኛ ጎልማሳ አርፎ በተቀመጠበት ሰዓት በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ትረጫለች። በሰውነቱ ያለው ደም ሁሉ በአንድ ደቂቃ ገደማ ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው።

ልብ አራት ክፍሎች አሏት፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ናቸው። በቀኝና በግራው መካከል ግድግዳ አለ። የቀኙ ወገን ከሰውነት ተመልሶ የመጣውን፣ ኦክስጅኑ የቀነሰበትን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ በሳንባ ውስጥ የተቃጠለውን አየር አራግፎ፣ ንጹሕ ኦክስጅን ይዞ ወደ ግራው ወገን ይመጣል። ግራው ደግሞ በደም ቅዳ ሥሮች አማካይነት ከራስ ቅል እስከ እግር ጥፍር ያዳርሰዋል። የግራው ግድግዳ ከቀኙ የወፈረው ደሙን ሩቅ ለመግፋት ብርቱ ጉልበት ስለሚያስፈልገው ነው። ሱብሃነላህ!

ኢብን አል-ነፊስ

ይህ የደም ጉዞ በሳንባ በኩል መሆኑ ለረጅም ዘመን አልታወቀም ነበር። ጥንታዊው ሐኪም ጋሌን፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በግድግዳው ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር። ሐኪሞችም ይህንኑ ተቀብለው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ኖሩ።

በደማስቆ ተምሮ በካይሮ ያገለገለው፣ የሻፊዒይ ፊቅህ ዐዋቂም የነበረው ኢብን አል-ነፊስ በ1242 እ.ኤ.አ. የኢብን ሲናን «ቃኑን» ሲያብራራ ግድግዳው ድፍን መሆኑን፣ ደሙም በሳንባ በኩል መዞር እንዳለበት ጻፈ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይ ስለ መላው የደም ዝውውር መጽሐፉን ያሳተመው በ1628 እ.ኤ.አ. ነው። ተዘንግቶ የቆየውን የኢብን አል-ነፊስን ጽሑፍ በ1924 እ.ኤ.አ. በበርሊን ያገኘው ግብጻዊው ሐኪም ሙሕዪዲን አል-ጠጣዊ ነበር።

ኢብን አል-ነፊስ ቀደምቶቹን ያከብር ነበር። ነገር ግን «ታላላቆች ብለውታል» መባሉ ብቻ አልበቃውም። ይህ ትምህርት ለየቤታችንም ያስፈልገናል።

አራቱ በሮች

ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይፈስ አላህ (ሱ.ወ.) በልብ ውስጥ አራት ስስ በሮች አድርጓል። ሐኪም በማዳመጫው የሚሰማው የልብ ምት የእነዚህ በሮች መዘጋት ድምፅ ነው። በሀገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ በሮቹን ከሚያበላሹት ዋና ዋና ሕመሞች አንዱ ሩማቲክ የልብ ሕመም ሲሆን መነሻው ጉሮሮ ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያሳምማል። ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ክርን የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ እብጠት ይመጣል። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ራሱ የልብን በሮች ይጎዳል። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ በበሮቹ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም። ከዓመታት በኋላ ልጁ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጅቷ አድጋ ስታረግዝ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ልጃችን ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ሲውጥ ጉሮሮውን ካመመው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከዚህ ባክቴሪያ አይመጣም፤ ብዙው ጉንፋን ነው። የሚለየው ግን የጤና ባለሙያ ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን የልብን ጉዳት ሊከላከል ይችላል። ክኒን ከታዘዘም ልጁ ተሻለው ብለን አናቋርጥ። የልብ በሩ መጎዳቱ የተነገረው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚታዘዝለት መርፌ አንድም ጊዜ ሊያልፈው አይገባም።

«እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥስ? አያቶቻችን ያደረጉት ለልጅ አዝነው ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ይሁን እንጂ እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም። ይልቁንም ደም ያፈሳል፤ ለቴታነስና ለሌላም ቁስለት ያጋልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ መድኃኒት ማግኘት የሚገባውን ቀናት ይበላል።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ሰበብን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። መድኃኒት እንድንፈልግ ያስተማሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። የልጆቻችን ልብ በኢማን እንዲያምር ቁርኣን እንደምናስቀራቸው ሁሉ፣ የሥጋ ልባቸውንም ከጉሮሯቸው ጀምረን እንጠብቅላቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ቀልብ በኢማንም በጤናም ያሳምርልን። አሚን።