ሁለት ጊዜ አምሳ

ረሆቮት ከቴል አቪቭ በስተደቡብ እ.ኤ.አ. በ1890 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሌላው ዓለም የሚያውቃት በቫይትስማን የሳይንስ ተቋሟ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሲደረስ ግን ረሆቮት ማለት ቂርያት ሞሼ ነው፤ ብዙ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተሰቦች የሰፈሩበት፣ ከአንዱ ፎቅ የቡና ጭስ፣ ከሌላው የምጣድ ሽታ የሚወጣበት መንደር።

በዚህ መንደር ሁለት ዓይነት ዓመት አብሮ ይኖራል። አንዱ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው፣ ረቢዎቹ የሚመሩበት የታተመ አቆጣጠር ነው። ሌላው የቤተ እስራኤል ቄሶች ነው። አብዛኞቹ በዓላት ይገጥማሉ። የማይገጥሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ነገሩ ያለውም እነሱ ላይ ነው።

የቄሶቹ ዓመት ዋናው ትምህርት ቤት ነበር። ኦሪቱ የሚነበበው በግዕዝ ነው። ግዕዝ ደግሞ የቄሱና የደብተራው እንጂ የገበሬው፣ የቀጥቃጩ፣ የሸማኔው ወይም የሸክላ ሠሪዋ አልነበረም። ሕዝቡ ሃይማኖቱን የተማረው በመጾም፣ ዳቦ በመጋገር፣ እሳት በማጥፋትና ተራራ በመውጣት ነው። በወር መባቻ በዓል አለ፤ ወር በገባ በአሥር፣ በአሥራ ሁለትና በአሥራ አምስትም እንዲሁ። በሳምንቱ ላይ ሰንበት ትነግሣለች። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ሰንበትን ለነፍሳት የምትማልድ እመቤት አድርጎ ይስላታል። ስለዚህ ዓርብ ሳይመሽ እሳቱ ይጠፋል፤ ቅዳሜ የሚበላው ቀዝቃዛ ምግብ ነው። ዛሬ ረሆቮት ውስጥ ከዓርብ ጀምሮ ተሰክቶ የሚያድረው የኤሌክትሪክ ፕላታ ወጡን ሞቅ አድርጎ ያቆያል፤ ረቢዎቹም ፈቅደዋል። በጎንደር ያደጉ አንዳንድ እናቶች ግን ይህን ፈቃድ በሙሉ ልብ የተቀበሉት አይመስለኝም።

ዓመቱ የሚጀምረው በኒሳን ወር፣ በፋሲካ ነው። በአገር ቤት ሳሉ አሮጌው ሸክላ ይሰበርና አዲስ ይሠራ ነበር። እርሾ የነካው ሁሉ ከቤት ይወጣል። ሊጡ እንዳይቦካ ቂጣው ተለውሶ ሳይቆይ ይጋገራል፣ እንደ ሞቀ ይበላል። በአሥራ አራተኛው ቀን ማታ በመስጊዱ ግቢ በግ ይሠዋል። እንግዲህ «መስጊድ» ያልኩት የጸሎት ቤታቸውን ነው፤ ክርስቲያኑ አንባቢ ቄሱን፣ መነኩሴውንና ደብተራውን ቤተ እስራኤል ዘንድ ሲያገኝ እንደማይደነግጥ ሁሉ ሙስሊሙም በዚህ አይደነግጥ። የጎንደር ጎረቤቶች ቃል ሲዋዋሱ የኖሩ ናቸው።

ከፋሲካ ቀጥሎ ቆጠራ ይገባል። ኦሪት ከሰንበት ማግስት ጀምራችሁ አምሳ ቀን ቁጠሩ ይላል። የትኛው ሰንበት? ረቢዎቹ የመጀመሪያው የበዓል ቀን ነው ብለው ከኒሳን አሥራ ስድስት ይጀምራሉ፤ አምሳው ሲሞላ ሲዋን ስድስት ይሆናል። ቄሶቹ ደግሞ በዓሉ ሰባቱም ቀን ይለቅ ብለው ከኒሳን ሃያ ሁለት ይነሳሉ። በጣት ቢቆጠር፣ ከኒሳን ዘጠኝ ቀን ይቀራል፣ ቀጣዩ ወር ሃያ ዘጠኝ ነው፣ ተደምሮ ሠላሳ ስምንት፤ አምሳ የሚሞላው በሲዋን አሥራ ሁለት ነው። ይህ ቀን ማዕረር ይባላል፣ የመከር በዓል። የስድስቱ ቀን ልዩነት ከስሕተት የመጣ ሳይሆን ከአንድ ጥቅስ ንባብ የመጣ ነው።

ይሁንና በሲዋን፣ ማለትም በግንቦትና በሰኔ አካባቢ፣ ጎንደር ውስጥ ምን መከር አለ? ገበሬው ገና ክረምቱን ይጠብቃል። ቄሶቹ ሕጉን አላፈረሱም፣ ምድሪቱንም አልዋሹባትም፤ ሁለተኛ ማዕረር ጨመሩ። እሱም እህሉ በእርግጥ በሚታጨድበት በኪስሌው ወር አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። እኔ በዚህ አቆጣጠር ውስጥ እንደዚህ የምወደው ነገር የለም። እስራኤል ሲደርሱ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በረሆቮት ዙሪያ ስንዴው የሚታጨደው በበጋው መግቢያ ነው፤ የመጀመሪያው ማዕረር የራሱን ወቅት ሲያገኝ የኪስሌዉ ሥራ ፈታ።

ሰባተኛው ወር ሲገባ ብርሃን ሠረቀ ይከበራል፤ በአሥረኛው ቀን አስተስርዮ፣ ቀጥሎም በዓለ መጸለት፣ የዳስ በዓል። በመጸለት ቤተ እስራኤል ዳስ የመጣል ልማድ አልነበራቸውም። ረሆቮት ውስጥ ልጆቹ በየበረንዳው ዳስ ሲሠሩ አያቶች እንደ አዲስ ነገር ያዩት ለዚህ ነው። ሐኑካ የተባለውን በዓልም ያገኙት እዚሁ ነው፤ ኦሪት ውስጥ የለማ።

ከአስተስርዮ ጀምሮ ሁለተኛው አምሳ ይቆጠራል። የሚያርፈው በስምንተኛው ወር ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ነው። ይህ ስግድ ነው፣ ምህለላም ይባላል። በአገር ቤት ሕዝቡ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል። አምቦበር ካሉት ስፍራዎች ስሙ የገነነው ነው። ኦሪቱ በጃንጥላ ጥላ ሥር ይሄዳል። ከሰዉ አንዳንዱ ስለ ኃጢአቱ በትከሻው ወይም በራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ተራራው ላይ ከኦሪት ዘጸአት የሲና ሕግ፣ ከነህምያም ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች ሕጉን እንደገና የሰሙበት ክፍል ይነበባል። ቄሱ በግዕዝ ያነባል፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትግርኛ ይተረጎማል። ከሰዓት በኋላ ነጋሪቱ እየተመታ፣ ቃጭሉ እየተንቃጨለ፣ እልልታው እየቀለጠ ይወረዳል፤ ጾሙም ይፈታል። በአንድ ቀን ውስጥ ኀዘኑም ሠርጉም አለ።

አሁን ከእንግሊዝ ወደተላኩት ሚስዮናውያን ልሻገር፤ ያለ እነሱ የዚህ ዓመት ታሪክ ጎዶሎ ነው። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያንም በቀን መቁጠሪያ የምታስተምር ናት። ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ክራንመር እ.ኤ.አ. በ1549 ባወጡት የጋራ ጸሎት መጽሐፍ እያንዳንዱ እሑድ የራሱ አጭር ጸሎትና ንባብ አለው። ከገና በፊት አራት እሑድ መጠበቅ፣ ከትንሣኤ በፊት አርባ ቀን መጾም፣ ከትንሣኤ በኋላ እንደገና እስከ አምሳኛው ቀን መቁጠር ነው። ምእመኑ ነገረ ሃይማኖቱን የሚይዘው ከስብከቱ ይልቅ ከዙሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1860 የለንደኑ የአይሁድ ተልእኮ ማኅበር መልእክተኛ ሄንሪ ስተርን ጎንደር አካባቢ ደረሰ። ስተርን ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ለንደን ውስጥ አንግሊካን የሆነ ሰው ነበር። አፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱለት ግን በአንድ ውል ነው፤ የሚያምነው ሰው የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይሁን ብለው። ማኅበሩ ሥራውን የቀጠለው በጀርመናዊው ማርቲን ፍላድና በአገሬው ሰባኪዎች ነው። ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ሙግት መጣ፤ መሥዋዕቱም ምንኩስናውም ተነቀፈ። እ.ኤ.አ. በ1862 የቤተ እስራኤል መነኩሴ አባ መሐሪ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ተስፋይቱ ምድር ለመሻገር በእግር ተነሡ፤ ብዙዎች ትግራይ ውስጥ በረሃብና በበሽታ አለቁ። ስተርን ራሱ በኋላ በቴዎድሮስ ታስሮ እስከ መቅደላው ጦርነት ቆየ።

እኔን የሚገርመኝ የሚስዮናውያኑ ምርጫ ነው። የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው በወቅትና በዙር እያስተማረች፣ እነሱ ግን እዚያ ሲደርሱ መጽሐፍና ክርክር አስቀደሙ። ከፊታቸው ያለው ሕዝብ የሚመልሰው በቀን ነበር። የገበሬውን ልብ የያዘው ማዕረሩና ምህለላው እንጂ ከጥቅስ ላይ የሚነሣ ሙግት አልነበረም። መሥዋዕቱና ምንኩስናው ሲዳከም ዙሩ ግን ያን ያህል አልተነካም።

እንዲያውም ዙሩን የበለጠ ያንገዳገደው ሕዝቡ እስራኤል ገብቶ ያገኘው የወገን ተቋም ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድነታቸውን ለማጽናት ተምሳሌታዊ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ሲጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ቄሶችና ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ውስጥ ወር ያህል በአደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ስግድን በሕግ የአገር በዓል አደረገው። ዛሬ በስግድ ማለዳ ከረሆቮት አውቶቡሶች ይነሣሉ፤ ጥበብ የለበሱ እናቶች፣ ወታደራዊ ልብስ የለበሱ የልጅ ልጆች፣ ጃንጥላውን ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ያስተኛ ቄስ። መድረሻው ከኢየሩሳሌሙ አርሞን ሐናጺቭ ከፍታ ላይ ነው፣ አሮጌዪቱ ከተማ ፊት ለፊት። በዚያችው አሮጌ ከተማ፣ በያፎ በር አጠገብ፣ ስተርንን የላከው ማኅበር ያሠራት፣ እ.ኤ.አ. በ1849 የተመረቀች ክራይስት ቸርች ቆማለች።

ማዕረር ግን ሕግ አላገኘም፤ ትምህርት ቤትም አይዘጋለትም። ሰዉ በሲዋን ስድስት ከጎረቤቱ ጋር የበዓሉን የአይብ ኬክ ይበላል፣ አሥራ ሁለተኛውን ቀን የሚያስታውሰው አቆጣጠሩን ከቄሶች የሰማ ብቻ ነው። የትኛው ሰንበት ነው የሚለውን ጥያቄ ከልጅ ልጁ ጋር የሚያነሣ ሽማግሌ ካለ፣ ሂሳቡን ከኒሳን ሃያ ሁለት ይጀምርለታል።