ጉልበት በጉልበት አይከፈትም!

የሰፈሬ ልጅ ኳስ ሲጫወት እግሩን መሬት ላይ እንደተከለ ዞር አለና ጉልበቱ «ቋ» አለበት። አብጦ አልዘረጋ አለው። ራጅ ተነሳ፣ «አጥንትህ ደህና ነው» ተባለ። «ታዲያ የሚያስነክሰኝ ምንድን ነው?» ይለኛል።

ወገኖቼ፣ ራጅ ቅርጭጭት አያሳይም! በእያንዳንዱ ጉልበታችን ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ፣ ቃጫ የበዛባቸው ሁለት ቅርጭጭቶች አሉ፤ ሜኒስከስ ይባላሉ። ክብደታችንን ከጭን አጥንት ተቀብለው ለቅልጥም የሚያደላድሉት እነሱ ናቸው። የውጭ ጠርዛቸው ደም ስለሚደርሰው ሲቀደድ የመዳን ዕድል አለው፤ የውስጡ ግን ደም ስለማያገኝ በራሱ መጠገኑ ያጠራጥራል። ቁራጩ መገጣጠሚያው መሃል ሲሰነቀር ጉልበት ይቆለፋል።

እናቱ «ወጌሻ ይሽልኝ» ብለዋል። የወጌሻ ጠላት አይደለሁም፤ ግን በግድ ቢጎተት ቅዱ ሊብስ ይችላል። የአጥንት ሐኪም ጋ ሂድ፣ ኤምአርአይ ካዘዘልህም ተነሳ አልኩት። እሱ እቴ! የጨነቀው የእሁዱ ግጥሚያ ነው።