ፍሬን የለወጠ ምን ምን ይለውጣል? የጃጓር ኤክስ ኬ 120 ምሳሌ



የዛሬው ንግግሬ የአንድን ጥንታዊ የስፖርት መኪና ፍሬንና ሞዞ መለወጥን ይመለከታል። ሞዞ ስል በጋራዥ ቋንቋ በኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከረውንና ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል ማለቴ ነው። ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1954 በእንግሊዝ አገር የተመረተው ጃጓር ኤክስ ኬ 120 ነው። ፍሬን ከእግር መርገጫው ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ የሚደርስ አንድ ሥርዓት ነው፤ አንዱን ክፍል የለወጠ ሰው የሌሎቹን ስሌት እንደገና መሥራት አለበት።

አስቀድመን ችግሩን እንመልከት። በስሙ ውስጥ ያለው 120 ቁጥር በማይል የተሰላ ፍጥነት ሲሆን በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክብደቱን 1,300 ኪሎ ግራም ብንወስድ፣ በዚህ ፍጥነት የሚጓዘው መኪና ወደ 1.9 ሜጋ ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይኖረዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ፍሬን ይህን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ በሙሉ በ40 ኪሎ ግራም ብረት ቢዋጥ፣ መኪናው አንድ ጊዜ ሲቆም ብቻ የብረቱ ሙቀት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል። ሳይቀዘቅዝ ደጋግሞ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ መገመት አያዳግትም።

የመኪናው ፍሬን ባለ ታምቡር ነበር። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ከውስጥ ከሚገፋው ሸራም ይርቃል። ስለዚህ መርገጫው ወደ ታች ይሰምጣል፣ የጋለው ሸራም የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል። ዲስክ ግን ሲግል የሚወፍረው ወደ ሸራው አቅጣጫ ነው፤ ገላጣ በመሆኑም ነፋስ ያገኘዋል። ጃጓር ከዳንሎፕ ኩባንያ ጋር ያዳበረውን የዲስክ ፍሬን በሲ ታይፕ መኪናው ላይ ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ1953 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። አሽከርካሪዎቹ ቶኒ ሮልትና ዱንካን ሃሚልተን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ኤክስ ኬ 150 ደግሞ በዲስክ ፍሬን ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ኤክስ ኬ 120ን ወደ ዲስክ የሚለውጥ ባለቤት እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ የሄደበትን መንገድ ይከተላል።

ሆኖም ለውጡ አራት ጥያቄዎችን ያስነሣል።

አንደኛው የእግር ኃይል ነው። በታምቡር ውስጥ በመሽከርከሪያው አቅጣጫ የሚገፋው ሸራ በታምቡሩ ተስቦ ይበልጥ ይጣበቃል፤ ይህም አሽከርካሪውን ያግዛል። ዲስክ ይህ እገዛ የለውም። ዋናውን የፍሬን ሲሊንደር በጠባብ ብንተካው ግፊቱ ይጨምራል፤ መርገጫው ግን የበለጠ ርቀት መጓዝ ይኖርበታል። ይህ ካልበቃ አጋዥ ሰርቮ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቀሪ ግፊት ነው። በብዙ የታምቡር ሥርዓቶች ውስጥ እግር ከተነሣ በኋላም በመስመሩ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ። ቫልቩ በዲስክ መስመር ላይ ከተተወ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይቀራል፤ ፍሬኑም ሳይረገጥ ይግላል።

ሦስተኛው የፊትና የኋላ ሚዛን ነው። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2.59 ሜትር ነው። የስበት ማዕከሉ ከመሬት 0.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ብንል፣ ከስበት ፍጥነት 0.8 እጅ በሆነ ፍሬን ወደ 200 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጫና ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። የኋላው ፍሬን ከቀለለው ጎማ አቅም በላይ ከያዘ ጎማው ይቆለፋል፣ መኪናውም ይሾራል።

አራተኛው ሞዞው ነው። በቡሎን የሚታሰረውን ቸርኬ በሽቦ ቸርኬ ለመተካት ጥርስ ያለው ሞዞና በመሐል የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ዳዶ ያስፈልጋል። የዳዶው ጥምዝ በመኪናው ግራ በኩል የቀኝ፣ በቀኝ በኩል የግራ ነው። ይህ የሆነው ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶው ይበልጥ እንዲጠብቅ ነው። የግራና የቀኝ ሞዞዎች ከተቀያየሩ ዳዶው በጉዞ ላይ እየላላ ሄዶ ጎማው ሊወልቅ ይችላል። በነባሩ ሞዞ ላይ የሚደረብ ማገናኛ ደግሞ ጎማውን ወደ ውጭ ከገፋው የኩሽኔታውን ጫናና የመሪውን ጠባይ ይለውጣል።

እነዚህ መልስ ሳያገኙ መኪናው ወደ አደባባይ መንገድ መውጣት የለበትም፤ ስሌቱም ከትራፊክ በራቀ ሜዳ፣ ከዝቅተኛ ፍጥነት በመጀመር መፈተን አለበት። በሌላ በኩል አሮጌ መኪና የዘመኑ የምህንድስና ሰነድ ነው። ስለዚህ ነባሩን ብረት ሳንቆርጥና ሳንበይድ መሥራት፣ የወለቀውንም ክፍል መዝግቦ ማስቀመጥ ይገባናል። እንዲህ ከሆነ የዛሬው ተሳፋሪ ደኅንነት ይጠበቃል፤ የነገ ተመራማሪም የመጀመሪያውን ሐሳብ ማንበብ አይሳነውም።