ያውቁ ኖሯል? ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን

ከቦሌ ተነስቶ የዋሽንግተን መንገደኛ የሚያርፍበት ደለስ ኤርፖርት ለመድረስ፣ በአጭሩ መንገድ እንኳ 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር እንደሚያስፈልግ ያውቁ ኖሯል? ከምድር ዙሪያ ሩቡን ያልፋል።

ከዋሽንግተን ሲመለስ 13 ሰዓት ያህል በአንድ ትንፋሽ በሮ ቦሌ ከች የሚለው አውሮፕላን፣ ሲሄድ ግን መሀል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ስለሚያርፍ ከ16 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅስ? ብዙ ሰው ነፋሱን ብቻ ይወቅሳል። እርግጥ ነፋሱም እጁ አለበት፤ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይጋፋል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ቦሌ ራሱ ነው። ሜዳው ያለው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉም የልቡን አያነሳ፣ ሞተሩም የልቡን አይገፋ። ሰውና ሻንጣ (ሽሮና በርበሬው ሳይቀር!) ተጭኖ ሲያበቃ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ደርቦ ከዚያ መነሳት ይከብዳል። ደለስ በአንጻሩ 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም፤ ታንክ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት እዚያ ብርቅ አይደለም።

ርቀት ብቻውን አያግድም፤ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ፣ 15,300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ ያለ ማረፊያ ይበረራል። አውሮፕላኑ ለረጅም ርቀት ተብሎ የተዘጋጀ ኤርባስ ኤ350 ነው፤ ሁለቱም ሜዳዎች ደግሞ ከባሕር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ለዓመታት ነዳጅ ሲቀዳባት የኖረችው ደብሊን በካርታ ላይ ስትታይ ዙሪያ ጥምጥም ትመስላለች። ምድር ግን ክብ ናትና አጭሩ መንገድ ራሱ ወደ ሰሜን ይጎብጣል፤ በደብሊን በኩል መዞር የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፊያ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በሮ፣ የባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖችን የርቀት ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። አቅጣጫውን ልብ ይበሉ፤ ያኔም ወደዚህ ነው።

ድሪምላይነር በተባለው አውሮፕላን ጓዳ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር ከሰፈሩ አየር ይወፍራል!

ትኬት ላይ «ማክሰኞ 01:30» የሚል ካዩ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው። ሻንጣ የሚመዘነው ሰኞ ማታ ነው፤ ማክሰኞ ማታ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለቅጣት ክፍያ ነው።

ሰዓትዎ በሐበሻ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙ አይቸገሩም። በበጋቸው የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ቀን 6 ሰዓት ሲል ዋሽንግተን ገና ሊነጋ ሲል 5 ሰዓት ይላል። አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ማዞር ብቻ! በክረምታቸው ሁለት።